በቅይጥ ሴሉላር ኔትወርክ የሴሎች ቅንጅት ምን ያስከፍላል?

ጥያቄዎ ባጭሩ የሚከተለው ነው። በአንድ ማክሮ ሴል (ሰፊ ቦታ በሚያገለግል ትልቅ ጣቢያ) ሽፋን ውስጥ በርካታ ትንንሽ ሴሎች በተመሳሳይ ፍሪኩዌንሲ ሲተከሉ፣ አንዱ የሌላውን ሞገድ እንዳይረብሽ ተናበው መሥራት አለባቸው፤ የሴሎቹ ቁጥር በጨመረ መጠን ግን በመካከላቸው የሚመላለሰው የሲግናሊንግ (የቁጥጥር) መልእክት አብሮ ይበዛል። ታዲያ የቅንጅቱ ወጪ ከጥቅሙ የሚበልጠው የት ላይ ነው? ሁሉንም ውሳኔ ወደ አንድ ማዕከላዊ መቆጣጠሪያ ማምጣትስ ጫናውን ያቃልለዋል ወይ?

ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልስጥዎት። በጣቢያዎች መካከል የሚላከው መልእክት በቢት ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቅንጅትን ውድ የሚያደርገው መልእክቱን ለማዘጋጀትና በመልእክቱ መሠረት ለመሥራት በአየር ላይ የሚከፈለው ዋጋ ነው፤ ከዚህም በላይ የመረጃው ዕድሜ ነው። ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ ጊዜው ያለፈበት መረጃ፣ የመጣበት መስመር የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን፣ ጉዳቱ ከጥቅሙ ያመዝናል። ስለዚህ ቀስ ብለው የሚለዋወጡ ነገሮችን በሰፊ ክልል፣ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጡትን ደግሞ በጣም ጠባብ በሆነ ክልል ብቻ ማቀናጀት ይገባል የሚል አቋም አለኝ። ከዚህ በታች የማቀርበው ወደዚህ አቋም የሚያደርሰውን ስሌትና አሠራር ነው።

ቅይጥ ኔትወርክ፣ ማለትም ትልልቅና ትንንሽ ሴሎች የተቀላቀሉበት፣ ከተራው የማክሮ ኔትወርክ የሚለየው በኃይል አለመመጣጠኑ ነው። የሞባይል ኔትወርክ ደረጃዎችን በሚያወጣው አካል፣ በ3ጂፒፒ፣ ጥናቶች እንደተለመደው አንድ ማክሮ ጣቢያ በ40 ዋት ገደማ ሲያስተላልፍ ፒኮ የሚባለው ትንሽ ጣቢያ በ1 ዋት ይሠራል፤ በመካከላቸው 16 ዴሲቤል (የኃይል ጥምርታ መለኪያ) ልዩነት አለ። ስልኮች አብልጠው የሚሰሙትን ሴል ብቻ እንዲይዙ ከተተዉ፣ ትንሹ ሴል አጠገቡ ያሉትን ጥቂት ስልኮች ብቻ ያገለግላል፤ ማክሮውም እንደተጨናነቀ ይቀራል። ይህን ለማስተካከል በስልኩ ልኬት ላይ ለትንሹ ሴል ጥቂት ዴሲቤል ይታከልለትና ክልሉ እንዲሰፋ ይደረጋል። ጭማሪው ሪሊዝ በሚባሉት የ3ጂፒፒ ደረጃ እትሞች ውስጥ በሪሊዝ 10 እስከ 6 ዴሲቤል፣ በሪሊዝ 11 ደግሞ እስከ 9 ዴሲቤል ድረስ ታስቦበታል። 9 ዴሲቤል ማለት በሰፋው ቀለበት ዳርቻ ላይ ያለ ስልክ ከሚያገለግለው ትንሽ ሴል ይልቅ ረባሹን ማክሮ ስምንት እጥፍ አጉልቶ ይሰማዋል ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ መጀመሪያ የሚወድቀው የመቆጣጠሪያ ቻናሉ ነው፤ ስልኩ የተመደበለትን ሀብት የሚነግረውን መልእክት መፍታት ካቃተው የመረጃ ቻናሉ ጥራት ትርጉም ያጣል።

አሁን ወደ መልእክቶቹ እንምጣ። በኤልቲኢ (የ4ጂ ቴክኖሎጂ) ሪሊዝ 8 ጣቢያዎች ኤክስ2 በተባለው መገናኛ በቀጥታ እንዲነጋገሩ ሲደረግ፣ ስለ ኢንተርፌረንስ (የሞገድ ረብሻ) የሚለዋወጡት መረጃ ሦስት ዓይነት ነበር። አንዱ ጣቢያው በየትኞቹ የፍሪኩዌንሲ ብሎኮች ላይ ከተወሰነ ኃይል በላይ ወደ ስልኮች እንደማይልክ የሚገልጽበት ነው፤ ሁለተኛው በዳርቻው ለሚገኙ ስልኮች የትኞቹን ብሎኮች ሊመድብ እንዳሰበ ለጎረቤቱ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሦስተኛው በየብሎኩ የደረሰበት ረብሻ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ መሆኑን የሚያሳውቅበት ነው። የ20 ሜጋኸርትዝ ሴል 100 ብሎኮች አሉት። ሦስተኛውን መረጃ ለእያንዳንዱ ብሎክ በ2 ቢት ገልጸን በየ20 ሚሊ ሰከንዱ እንልካለን ብንል እንኳ፣ ይዘቱ በሰከንድ 10 ኪሎ ቢት ብቻ ይሆናል። ይህ ዘዴ ግን በፍሪኩዌንሲ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ በመላው ባንድዊድዝ ላይ የሚዘረጋውን የመቆጣጠሪያ ቻናል ሊጠብቅ አይችልም። ለቅይጥ ኔትወርክ በቂ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በሪሊዝ 10 የመጣው መፍትሔ በጊዜ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ማክሮው በተወሰኑ ሰብፍሬሞች (አጫጭር የጊዜ ክፍሎች) ላይ መረጃ ከመላክ ይታቀባል፣ ትንንሾቹ ሴሎች ደግሞ በሰፋው ቀለበት ውስጥ ያሉ ስልኮቻቸውን በእነዚያ ሰብፍሬሞች ያገለግላሉ። በኤፍዲዲ (መላኪያና መቀበያ ፍሪኩዌንሲው በተለያየበት) አሠራር ማክሮው ለትንንሾቹ የሚልከው መርሐ ግብር 40 ቢት ነው፤ እያንዳንዱ ቢት 1 ሚሊ ሰከንድ የሚረዝም አንድ ሰብፍሬም ይወክላል። መልእክቱን በቅርበት እንየው። 40 ቢት 5 ባይት ነው። የአይፒ ራስጌው 20 ባይት፣ መልእክቱን የሚያጓጉዘው የኤስሲቲፒ ፕሮቶኮል ራስጌ 12 ባይት፣ በውስጡ ያለው የዳታ ቸንክ (የመረጃ ክፍል) ራስጌ ደግሞ 16 ባይት ስለሆነ፣ 5 ባይት የሚመዝነው ደብዳቤ 48 ባይት በሚመዝን ፖስታ ተጠቅልሎ ይጓዛል፤ የኤክስ2 ፕሮቶኮሉ የራሱ መግለጫዎችና የምስጠራው ጭማሪ ሲታከሉበት ፖስታው የበለጠ ይከብዳል። እንዲያም ሆኖ 53 ባይቱን በየ40 ሚሊ ሰከንዱ ለ10 ትንንሽ ሴሎች ብንልክ በድምሩ በሰከንድ 106 ኪሎ ቢት ገደማ ይሆናል፤ መርሐ ግብሩ በተግባር የሚቀየረው ከዚህ በእጅጉ ባነሰ ድግግሞሽ ነው። በአስርና በመቶ ሜጋ ቢት በሚለካ ባክሆል (ጣቢያውን ከቀሪው ኔትወርክ ጋር በሚያገናኝ መስመር) ላይ ይህ ሸክም አይደለም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ካለ፣ ትንንሽ ሪፖርቶችን በአንድ ፓኬት አጠራቅሞ መላክ የሪፖርቶቹን ይዘት በመጭመቅ ከመድከም የተሻለ ቁጠባ እንደሚያስገኝ ነው።

እውነተኛው ወጪ የሚታየው መልእክቱ ሥራ ላይ ሲውል ነው። ከ40 ሰብፍሬሞች 8ቱ ባዶ እንዲሆኑ ከተወሰነ ማክሮው ከጊዜው 20 በመቶውን አጥቷል። በሰፋው ቀለበት ውስጥ ሦስትና አራት ስልኮች ብቻ ካሉ፣ በማክሮው ሥር ያሉ ብዙ ስልኮች ለጥቂቶቹ ሲሉ ዋጋ እየከፈሉ ነው። በዚህ ላይ ማክሮው ያለው መርሐ ግብር አንድ ነው፤ ከ10 ትንንሽ ሴሎች አንዱ ብዙ ባዶ ሰብፍሬም ቢፈልግ የቀሩት ዘጠኙ ባይጠቅማቸውም ባዶው ይታወጃል። በሁለት ማክሮዎች ድንበር ላይ የቆመ ትንሽ ሴል ደግሞ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ዝም ካላሉለት ጥበቃው አይሠራም፤ ስለዚህ ሁለቱ ማክሮዎች መስማማት አለባቸው፤ እነርሱም የየራሳቸው ጎረቤቶች ስላሏቸው ስምምነቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዛመተ ይሄዳል። እዚህ ላይ አስቸጋሪ የሚሆነው የመልእክቱ መጠን አይደለም፤ አንዱ ጣቢያ የወሰነውን ሌላው ሲቀይረው፣ ያም ለውጥ የመጀመሪያውን መልሶ ሲያስቀይረው የሚፈጠረው መወዛወዝ ነው። ስለዚህ መርሐ ግብሩ በደቂቃዎች ልክ ብቻ እንዲቀየር ማድረጉ መልእክት ከመቀነሱም በላይ ኔትወርኩን ያረጋጋል።

ዝምታው ፍጹም አለመሆኑንም ማስታወስ ያስፈልጋል። ማክሮው ባዶ በተባለው ሰብፍሬም ውስጥም ስልኮች ቻናሉን የሚለኩበትን የማመሳከሪያ ሲግናል መላኩን አያቆምም፤ ባለ 2 አንቴና ፖርት ከሆነ በአንድ ሰብፍሬም ውስጥ አንድ ብሎክ ካሉት 168 የሀብት ክፍሎች 16ቱን፣ ማለትም 9.5 በመቶውን፣ ባለ 4 ፖርት ከሆነ ደግሞ 14.3 በመቶውን ይይዛል። በሪሊዝ 11 ስልኩ ይህን ቀሪ ረብሻ አስልቶ እንዲቀንሰው ሲታሰብ፣ ኔትወርኩ የጎረቤት ሴሎችን መለያና የፖርት ብዛት በየስልኩ ማሳወቅ ግድ ሆነበት። ስልኩም የቻናሉን ጥራት ለተጠበቁትና ላልተጠበቁት ሰብፍሬሞች ለየብቻ ለክቶ ሁለት ዓይነት ሪፖርት ይልካል። እነዚህ ሁሉ በኤክስ2 ላይ አይታዩም፤ የሚከፈሉት በሬዲዮው ላይ ነው። የወጪ ስሌት ሲሠራ ብዙ ጊዜ ተዘሎ የሚታለፈውም ይህ ክፍል ነው።

ሌላው የተደበቀ ወጪ የሰዓት መጣጣም ነው። ጣቢያዎች በሰብፍሬም ደረጃ እንዲናበቡ የሰብፍሬሞቻቸው መጀመሪያ መግጠም አለበት። በኤፍዲዲ የሚሠራ ኔትወርክ ቀድሞ የፍሪኩዌንሲ ትክክለኛነት ብቻ ይበቃው ነበር፤ በጊዜ ላይ የተመሠረተ ቅንጅት ሲጀመር ግን በማይክሮ ሰከንዶች የሚለካ የጊዜ መጣጣም ያስፈልገዋል። ለቲዲዲ (በአንድ ፍሪኩዌንሲ ተራ በተራ ለሚልኩና ለሚቀበሉ) ሴሎች ክልላቸው እስከ 3 ኪሎ ሜትር ሲሆን የተቀመጠው ገደብ 3 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ከጣሪያ በላይ የተተከለ ማክሮ ሰዓቱን ከጂፒኤስ ያገኛል፤ በሕንፃ ውስጥ የተሰቀለ ትንሽ ሴል ግን ሰማይ አያይም፣ ስለዚህ በባክሆሉ በኩል በሚመጡ የሰዓት ፓኬቶች ላይ ይመካል። ባክሆሉ የመሄጃና የመምጫ መዘግየቱ እኩል ካልሆነ ሰዓቱ ይዛባል፤ መዛባቱም ስህተት ሆኖ አይመዘገብም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የፍጥነት መቀነስ ሆኖ ይታያል እንጂ።

እስካሁን የተናገርኩት ቀርፋፋ ስለሆነው ቅንጅት ነው። ፈጣኑ ቅንጅት፣ ማለትም ሁለትና ከዚያ በላይ ጣቢያዎች ለአንድ ስልክ ሞገዳቸውን በፌዝ (ከፍና ዝቅ በሚልበት ቅጽበት) አስማምተው በአንድነት የሚልኩበት አሠራር፣ ሌላ ሒሳብ አለው። በ2 ጊጋኸርትዝ ላይ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር የሚራመድ ሰው የያዘው ስልክ ቻናሉ ሳይለወጥ የሚቆየው በተለመደው ግምት 76 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። ፍጥነቱ 30 ኪሎ ሜትር ሲሆን 7.6፣ 60 ሲሆን ደግሞ 3.8 ሚሊ ሰከንድ ይቀራል። ይህ ግምት ራሱ ለጋስ ነው፤ በዚያ ጊዜ መጨረሻ ቻናሉ በከፊል ብቻ ቀድሞውን ይመስላል፣ ለፌዝ ትክክለኛነት ደግሞ ከዚህ በጣም አጠር ያለ ዕድሜ ያለው መረጃ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል 3ጂፒፒ ለትንንሽ ሴሎች ባጠናው የባክሆል ምደባ በዲኤስኤል የሚመጣ ባክሆል በአንድ አቅጣጫ ከ15 እስከ 60 ሚሊ ሰከንድ፣ ገመድ አልባው ደግሞ ከ5 እስከ 35 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው መልሱ ራሱ ይወጣል፦ በእንዲህ ዓይነት ባክሆል ላይ በፌዝ የተስማማ የጋራ ሥርጭት ለእግረኛ እንኳ አይታሰብም። በመኪና ለሚሄድ ሰውማ የቻናሉ መረጃ ገና መንገድ ላይ ሳለ ያረጃል።

ባክሆሉ ፍጹም ቢሆንስ? ገደቡ እንዲያም ሆኖ አይጠፋም። እያንዳንዱ ተባባሪ ሴል ስልኩ የሚለካው የራሱ ማመሳከሪያ ሲግናል ያስፈልገዋል፤ ስልኩም ለእያንዳንዱ ሴል ሪፖርት መመለስ አለበት። ተባባሪዎቹ ከሦስት ወደ ስድስት ሲያድጉ ለልኬት የሚውለው የአየር ሀብት በእጥፍ ገደማ ያድጋል፤ ስድስተኛው ሴል የሚያበረክተው ኃይል ግን ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሎዛኖ፣ ሂዝና አንድሩስ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት የንድፈ ሐሳብ ሥራ ያሳዩት በዚሁ መስመር ላይ ነው፤ የትብብር ክልሉ ውሱን ስለሆነ ከክልሉ ውጭ የሚመጣው ኢንተርፌረንስ ሁልጊዜ ይቀራል፣ ክልሉን ማስፋት ደግሞ የልኬቱን ወጪ ያንራል፤ ስለዚህ ኃይል በመጨመር ብቻ ሊታለፍ የማይችል ጣሪያ አለ። እኔ ከዚህ የምወስደው ተግባራዊ ምክር ቀላል ነው፦ ሁለት ወይም ሦስት ሴል ከበቂ በላይ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ከመሰለዎት የሴሎቹን አተካከል መልሰው ይመርምሩ።

ከሁሉም በላይ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባው ግን ሃንድኦቨር፣ ማለትም ስልኩ ከአንድ ሴል ወደ ሌላ ሴል መዛወሩ፣ ነው። በቅይጥ ኔትወርክ ውስጥ የሲግናሊንግ ጫና ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው የኢንተርፌረንስ ቅንጅትን ነው፤ የመልእክቶቹን ብዛት ሲቆጥሩ ግን ሃንድኦቨር ሌላውን ሁሉ ይበልጠዋል። አንድን የኤልቲኢ ሃንድኦቨር ከመነሻው እስከ መጨረሻው እንከተል። ስልኩ የጎረቤቱ ሴል ከሚያገለግለው ሴል በተወሰነ መጠን በልጦ ለተወሰነ ጊዜ መቆየቱን ሲያይ የልኬት ሪፖርት ይልካል። የሚያገለግለው ጣቢያ ለጎረቤቱ የሃንድኦቨር ጥያቄ ያቀርባል፤ ጎረቤቱ ቦታ መኖሩን አይቶ ይሁንታውን ይመልሳል። ስልኩ የመዛወር ትእዛዝ ይደርሰዋል፤ የመጀመሪያው ጣቢያም የፓኬቶቹ ተራ ቁጥር የት እንደደረሰ ለሁለተኛው ያሳውቃል። ስልኩ በአዲሱ ሴል ላይ የመግቢያ ሲግናል ይልካል፣ መልስ ይቀበላል፣ መዛወሩን መጨረሱን ያረጋግጣል። አዲሱ ጣቢያ የመረጃው መንገድ እንዲቀየርለት ኮር ኔትወርኩን (ከጣቢያዎቹ በስተኋላ ያለውን የኔትወርኩን ዋና አካል) ይጠይቃል፤ ኮሩ ከጌትዌዩ (መረጃው ከሚያልፍበት በር) ጋር ጥያቄና መልስ ተለዋውጦ ማረጋገጫ ይሰጣል፤ በመጨረሻም የቀድሞው ጣቢያ የስልኩን መዝገብ እንዲያጠፋ ይነገረዋል። በአየር ላይ 5፣ በጣቢያዎች መካከል 4፣ ከኮሩ ጋር 4፣ በድምሩ 13 መልእክቶች ናቸው። በጣቢያዎቹ መካከል ቀጥተኛ መገናኛ ከሌለ ጥያቄው በኮሩ በኩል ስለሚዞር ቁጥሩ ከዚህም ይጨምራል።

ይህ ስንት ጊዜ ይደጋገማል? ሴሎቹ በዘፈቀደ የተበተኑ፣ ስልኩም ሁልጊዜ በጣም ቅርብ የሆነውን ሴል የሚይዝ ቢሆን፣ የድንበር ማቋረጡ ብዛት ከስልኩ ፍጥነት ጋር በቀጥታ፣ ከሴሎቹ ጥግግት ጋር ደግሞ በስኩዌር ሩት ያድጋል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ስልክ፣ በካሬ ኪሎ ሜትር 1 ሴል ሲኖር ስሌቱ በሰዓት 38 ያህል ሃንድኦቨር ይሰጣል፤ 16 ሴሎች ሲኖሩ 153 ያህል ይሆናል። ከላይ ባየነው የ13 መልእክት ሒሳብ አንድ ስልክ ብቻውን በሰዓት ከ500 ገደማ ወደ 2,000 ገደማ መልእክት ያድጋል ማለት ነው። ሞዴሉ ማክሮውንና ትንንሹን ሴል በኃይል ስለማይለይ ቁጥሩን ለተወሰነ ቦታ እንደ ትንበያ አይውሰዱት፤ የዕድገቱን መንገድ ግን በትክክል ያሳያል።

እነዚህ መልእክቶች የሚላኩበት ቦታ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ሃንድኦቨር የሚከናወነው በሴል ዳርቻ፣ ሲግናሉ በደከመበትና ረብሻው በበረታበት ቦታ ነው። በኤልቲኢ የመቆጣጠሪያ ቻናል ላይ ለአንድ ስልክ የሚላክ ምደባ ጥሩ ሲግናል ባለበት ቦታ 1 የቻናል ክፍል ሲበቃው በዳርቻ ላይ 8 ክፍል ሊፈልግ ይችላል። ስለዚህ አንድ የዳርቻ መልእክት በመሃል ካለው ስምንት እጥፍ ሀብት ይበላል። ትንንሽ ሴሎች ሲበዙ የኔትወርኩ አብዛኛው ስፍራ ዳርቻ ይሆናልና፣ የመቆጣጠሪያ ቻናሉ ከመረጃ ቻናሉ ቀድሞ የሚሞላበት ሁኔታ ይፈጠራል። የመረጃ ብሎኮች ባዶ ሆነው ስልኮች ግን ምደባ ሳያገኙ የሚጠብቁበት ሴል ካዩ ችግሩ ይህ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የመመላለስ ችግር ነው። 3ጂፒፒ በቅይጥ ኔትወርክ ላይ ባደረገው የእንቅስቃሴ ጥናት አንድ ስልክ ወደ አዲስ ሴል ሄዶ ከ1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወደ ቀድሞው ከተመለሰ ያልተፈለገ ምልልስ ተብሎ ተቆጥሯል፤ ሁለቱም ሃንድኦቨሮች ሙሉ ዋጋቸው ተከፍሎ ያስገኙት ጥቅም የለም። ምልልሱን ለመቀነስ፣ ስልኩ የልኬት ሪፖርቱን ከመላኩ በፊት የሚቆይበትን የመጠበቂያ ጊዜ ማርዘም የተለመደ ነው፤ ይሁንና የመጠበቂያው ጊዜ 480 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያ ጊዜ 8 ሜትር ይጓዛል። ለማክሮ ሴል 8 ሜትር ምንም አይደለም፤ የትንሽ ሴል ሲግናል ግን በዚህ ርቀት ውስጥ ሊያሽቆለቁል ስለሚችል የመዛወሩ ትእዛዝ ሳይደርስ ግንኙነቱ ይቋረጣል። የተቋረጠ ግንኙነትን መልሶ ማቋቋም ደግሞ ከሃንድኦቨሩ በላይ መልእክት ይጠይቃል። ስለዚህ ለሁሉም ድንበር አንድ ዓይነት መለኪያ ማስቀመጥ ስህተት ነው፤ ከማክሮ ወደ ትንሽ ሴል ሲገባ ረዘም ያለ፣ ከትንሽ ሴል ሲወጣ አጠር ያለ መጠበቂያ ማድረግ፣ በፍጥነት የሚጓዙትን ደግሞ ጭራሹኑ በማክሮው ላይ ማቆየት ይሻላል። ይህ የቅንብር ሥራ ብቻ ነው፤ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ከማውቃቸው እርምጃዎች ሁሉ በትንሽ ድካም ብዙ ሲግናሊንግ የሚያድነውም እርሱ ነው።

በሪሊዝ 12 የመጣው ድርብ ግንኙነት ከዚህ አንጻር ሊታይ ይገባል። ስልኩ የቁጥጥር ግንኙነቱን ከማክሮው ጋር ይዞ መረጃውን ከትንሹ ሴልም ይቀበላል፤ ትንሹ ሴል ሲቀየር ዋናው ግንኙነት አይነካም፤ የመረጃው መንገድ በማክሮው በኩል የሚከፈል ከሆነ ደግሞ ኮር ኔትወርኩ ለውጡን አያየውም። የሚከፈለው ዋጋ የተጠቃሚው መረጃ በማክሮው ባክሆል ገብቶ እንደገና ወደ ትንሹ ሴል መውጣቱ ነው። ባክሆሉ ሰፊ፣ ኮሩ የተጨናነቀ ከሆነ ልውውጡ ያዋጣል፤ ተቃራኒው ከሆነ አያዋጣም። በ5ጂ ሪሊዝ 16 የገባው ቅድመ ሁኔታዊ ሃንድኦቨር፣ ማለትም ስልኩ ሊዛወርባቸው የሚችሉ ሴሎች አስቀድመው የሚዘጋጁበት አሠራር፣ ሌላ ዓይነት ምርጫ ያቀርባል። አራት ሴሎች አስቀድመው ከተዘጋጁ በጣቢያዎች መካከል የዝግጅቱ ጥያቄና መልስ ከ2 ወደ 8 ያድጋል፤ ያልተመረጡት ሦስቱም መሰረዝ አለባቸው። በምትኩ ስልኩ ሲግናሉ ከመውደቁ በፊት የመዛወሪያውን ትእዛዝ ይዞ ስለሚጠብቅ የመቋረጥ ዕድሉ ይቀንሳል። ርካሽ በሆነው መስመር ላይ ብዙ ከፍሎ ውድ በሆነው የዳርቻ ሬዲዮ ላይ መቆጠብ ስለሆነ እኔ እደግፈዋለሁ፤ የሚዘጋጁትን ሴሎች ቁጥር ግን ሁለት ላይ ማቆምን እመርጣለሁ።

ሴሎች ከማን ጋር ይነጋገሩ የሚለውን ባጭሩ ልመልስ። 1 ማክሮና 10 ትንንሽ ሴሎች ሁሉም ከሁሉም ጋር ቢገናኙ 55 ጥንዶች ይፈጠራሉ፤ ትንንሾቹ 30 ሲሆኑ 465። ይህ ቁጥር ሰውን ያስደነግጣል፣ ነገር ግን በአብዛኞቹ ጥንዶች መካከል የአንዱ ሞገድ ለሌላው አይደርስም። ለአንድ ስልክ የረብሻው አብላጫ ከአንድ ወይም ከሁለት ሴሎች ይመጣል። ስለዚህ የጎረቤት ዝርዝሩ በካርታ ርቀት ሳይሆን ከስልኮች የልኬት ሪፖርት መሠራት አለበት፤ በሪፖርቶቹ ውስጥ እምብዛም የማይታይ ጎረቤት ከቅንጅቱ ይውጣ። በማክሮውና በትንንሾቹ መካከል ያለውን በኮከብ ቅርጽ፣ በትንንሾቹ መካከል ያለውን ግን በእርግጥ ለሚደራረቡት ብቻ ማድረግ ለአብዛኛው ሁኔታ ይበቃል።

ማዕከላዊ መቆጣጠሪያን በተመለከተ፣ ማዕከል ጫናውን ያዛውረዋል፤ የሚያጠፋው አንዳንዱን ብቻ ነው። በ5ጂ አሠራር ጣቢያው ማዕከላዊ ክፍልና የተሠራጩ ክፍሎች ተብሎ ሲከፈል፣ በአንድ ማዕከላዊ ክፍል ሥር ባሉ ሴሎች መካከል የሚደረግ ሃንድኦቨር በጣቢያዎች መካከል የሚደረገውን ጥያቄና መልስ ስለማያስፈልገውና የኮሩን መንገድ ስለማይቀይር፣ ይህ እውነተኛ ቁጠባ ነው። የሬዲዮ ሲግናሉን በሙሉ ወደ ማዕከል መሰብሰብ ግን ሌላ ነው። ለአንድ አንቴና የ20 ሜጋኸርትዝ ኤልቲኢ ናሙና ሲፒአርአይ በተባለው የተለመደ የአንቴናና የማዕከል ማገናኛ አሠራር በሰከንድ 1.2288 ጊጋ ቢት ይፈልጋል፤ 8 አንቴና ሲሆን 9.83 ጊጋ ቢት ይደርሳል፤ ያውም ስልኮቹ ሥራ ፈትተው በሚቀመጡበት ሰዓትም ጭምር። ፋይበር በሌለበት ይህ አይሞከርም። ክፍት የሬዲዮ ኔትወርክ አሠራር በሆነው በኦ-ራን የቀረበው መቆጣጠሪያ ደግሞ ለቅርብ ጊዜ ውሳኔ ከ10 ሚሊ ሰከንድ እስከ 1 ሰከንድ፣ ለዘገምተኛው ከ1 ሰከንድ በላይ ባለው ጊዜ ይሠራል። ኤልቲኢ በየ1 ሚሊ ሰከንዱ የሚያደርገው የሀብት ምደባ ከዚህ ክልል ውጭ ስለሆነ በጣቢያው መቅረት አለበት። ማዕከሉ የባዶ ሰብፍሬሞችን ብዛት፣ የዴሲቤል ጭማሪዎችንና የሃንድኦቨር መለኪያዎችን ይወስን፤ የትኛው ስልክ በየትኛው ብሎክ ይገልገል የሚለውን ለጣቢያው ይተው።

ኔትወርክዎ 5ጂ ከሆነ አንድ ነገር ይቀልልዎታል። በዚያ አሠራር ያለማቋረጥ የሚላክ የማመሳከሪያ ሲግናል የለም፤ የመግቢያው የማመሳሰያ ሲግናል እንኳ በተለመደው ግምት በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ነው። ሥራ የሌለው ሴል አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። በቲዲዲ ጎረቤት ሴሎች አንዱ ሲልክ ሌላው የሚቀበል ከሆነ የሚፈጠረውን ረብሻ ለመከላከል ሪሊዝ 16 ጣቢያዎች ያሰቡትን የመላክና የመቀበል መርሐ ግብር እንዲለዋወጡ ፈቅዷል። መልእክቱ ትንሽ፣ ለውጡ አልፎ አልፎ፣ ውጤቱ ግን ከባድ ስለሆነ፣ ሊደከምበት የሚገባ ቅንጅት ይህን ይመስላል።

በእጅዎ ባለው ኔትወርክ ላይ መነሻ የሚሆን መለኪያ ከፈለጉ፣ በመጀመሪያ የመቆጣጠሪያ ቻናሉን የመሞላት መጠን፣ በየሴሉ ከ1 ሰከንድ በታች የሚቆዩ ሃንድኦቨሮችን ድርሻና የኤክስ2ን መዘግየት ይመዝግቡ፤ መዘግየቱን በአማካይ ሳይሆን በተጨናነቀ ሰዓት። ቀጥሎ ጣቢያዎች ስለ ጭነታቸው ለሚለዋወጡት ሪፖርት የተመረጠውን የጊዜ ልዩነት ይመልከቱ። በኤክስ2 ላይ 1፣ 2፣ 5 ወይም 10 ሰከንድ ማድረግ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ አጭሩ የሚመረጠው ያለ ምክንያት ነው። ወደ 5 ሰከንድ ያሳድጉትና በዳርቻ ያሉትን ስልኮች ፍጥነት፣ ማለትም ከሁሉም ዝቅተኛ የሆኑትን 5 በመቶ ተጠቃሚዎች፣ ከቀድሞው ጋር ያነጻጽሩ። ካልቀነሰ 10 ያድርጉት። ባዶ ሰብፍሬሞችንም በተመሳሳይ መንገድ ከ8 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 4 እያወረዱ ይፈትኑ፤ የዳርቻው ፍጥነት መውረድ በጀመረበት ቦታ አንድ እርምጃ ተመልሰው ያቁሙ። የጠየቁት ድንበር በእርስዎ ኔትወርክ ላይ የሚገኘው እዚያ ነው፤ የትንንሾቹ ሴሎች ቁጥር ወይም የባክሆሉ ዓይነት በተቀየረ ጊዜ ሁሉ ፈተናው እንደገና መደረግ አለበት።